ቅብ ወርቅ

በአንድ የጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞች ከነቤተሰቦቻችን ሆነን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጣን። ከተማዋ ከታች ሆና ጢሷን ትተፋለች፤ እኛ ከላይ ሆነን ንጹሑን አየር እንስባለን። የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ያቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሰፊ ቦታ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ባሕር ዛፍ ገዝቶት የኖረውን ተራራ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው ቀስ በቀስ እያስመለሱት ነው። ልጆቹ ይሮጣሉ፣ እናቶቻቸው «ቀስ!» ይላሉ፣ እኛ አባቶች ደግሞ እንደ ልማዳችን ሀገር እናቀናለን።

ከመካከላችን አንዱ ጨዋታ አዋቂ ነው። ንባብ ይወዳል፤ ካነበበው በላይ ደግሞ መናገር ይወዳል። አንድ ዛፍ ሥር ደረስንና ቆም አለ።

«ይህን ዛፍ ታውቁታላችሁ?»

«ቆርች አይደል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቆርች ነው። ይህ ቆርች ቆላ ውስጥ ቋራ የሚባል ዘመድ አለው። ዘሩ ቀይ ነው፤ ጥንት አባቶቻችን ወርቅ የሚመዝኑበት። እንግዲህ ዛሬ ዓለም በሙሉ ወርቅን '18 ካራት፣ 21 ካራት፣ 24 ካራት' የሚለው ከየት አምጥቶት ይመስላችኋል? ከቋራ! ቋራ፣ ቃራ፣ ካራት። ነጮቹ ዘሩንም ስሙንም ወስደው ደበቁብን። ወርቁ የኛ፣ ሚዛኑ የኛ፣ ስሙም የኛ!»

አጨበጨብን። እውነቴን ነው፣ እኔም አጨበጨብኩ። ደረቴ ሁለት ጣት ያህል ሰፋ። የቴዎድሮስ ሀገር ቋራ ለዓለም ወርቅ ቤቶች ሁሉ ስም ሰጥታ ስትገኝ ማን ደስ የማይለው አለ?

ያን ጊዜ የአንዱ ጓደኛችን ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ እጇን እንደ ክፍል ውስጥ አወጣችና፣

«ጋሼ፣ የት ተጽፎ አገኙት?» አለች።

አባቷ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ጨዋታ አዋቂው ግን አልተቆጣም፤ ሳቀና፣ «የኔ ልጅ፣ አንዳንዱን ነገር ደም ነው የሚያውቀው» አላት። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ጥያቄዋ ታክሲ ውስጥ አብሮኝ ተሳፈረ።

እናም ፈለግሁ። መልሱ ተጽፎ ተገኘ። የጻፈው ግን ደም አይደለም፤ ጄምስ ብሩስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል ነጋሽ አንጋሽ የነበሩበት ነው። እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በሀገራችን ቆይቶ ተመለሰና በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ቋራ ስለሚባለው ዛፍ ከነሥዕሉ ጽፏል። በምዕራብ ቆላ ያሉ፣ በዚያ ዘመን ደገኛው ባልተገባ የንቀት ስም ይጠራቸው የነበሩ ወርቅ አጣቢዎች የዚህን ዛፍ ዘር ለወርቅ መመዘኛ ያደርጉታል ይላል። ካራት የሚባለው የወርቅ መለኪያም የመጣው ከዚህ ነው ብሎ ይደመድማል።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ነጮቹ የደበቁብን» ያልነውን ታሪክ የነገረን ራሱ ነጭ ነው። ያውም በለንደን ገበያ በአምስት ቅጽ እየተሸጠ! ይህ ዓይነቱ መደበቅ ለኔ አዲስ ነው።

የባሰው ደግሞ የብሩስ ድምዳሜ አለመጽናቱ ነው። ወርቅ አጣቢዎቹ በቋራ ዘር መመዘናቸውን እንቀበለው፤ በዓለም ላይ ዘር የሚዛን ድንጋይ ያልሆነበት ሀገር ጥቂት ነው። ስሙ ግን ብሩስ ጎንደር ከመግባቱ ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ አስቀድሞ በሌላ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ግሪኮች «ኬራቲዮን» ይሉ ነበር። ትርጉሙ «ትንሽ ቀንድ» ነው። በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል አንድ ዛፍ አለ፤ ፍሬው እንደ ቀንድ የጎበጠ ረጅም የዘር ከረጢት ነው። ዐረቦች «ኸሩብ» ይሉታል። የዚህ ዛፍ ዘር ለከበረ ነገር ሚዛን ሆነ። «ኬራቲዮን» ወደ ዐረብ ተሻግሮ «ቂራጥ» ተባለ፣ ወደ ጣሊያን ተሻግሮ «ካራቶ» ተባለ፣ ኋላም «ካራት» ሆኖ ከወርቅ ቤቶቻችን መስታወት ውስጥ ተቀመጠ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር አስደነቀኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ ተርቦ የተመኘው የእሪያ መኖ በግሪክኛው ስሙ ይኸው «ኬራቲዮን» ነው። በዚያው ምዕራፍ አንዲት ሴት የጠፋባትን ድሪም መብራት አብርታ ቤቷን ጠርጋ ስትፈልግ እናገኛታለን። አንዱ ፍሬ በአንድ በኩል ለእሪያ ይሰጣል፣ በሌላ በኩል ንጉሥ ወርቁን ይመዝንበታል። ስለ ዘር ክብር ከዚህ የተሻለ ስብከት አልሰማሁም።

ታዲያ ንጹሕ ወርቅ ለምን 24 ካራት ሆነ? ለምን 20 ወይም 100 አልሆነም? እዚህ ላይ አንድ የቆየ የወርቅ ሳንቲም ብቅ ይላል። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ «ሶሊዱስ» የተባለ የወርቅ ሳንቲም አወጣ። ከአንድ የሮም ፓውንድ ወርቅ 72 ሳንቲም ይቀረጻል፤ አንዱ አራት ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። የአንዱ ሶሊዱስ ክብደት 24 ኬራቲዮን ነው። ሳንቲሙ ሙሉ ወርቅ ከሆነ ከ24ቱ 24ቱ ወርቅ ነው። ስድስቱ እጅ መዳብ ከገባበት 18 ነው። ዛሬ ሙሽራ ጣት ላይ ያለው ቁጥር የዚያ ሳንቲም ጥላ ነው ማለት ነው።

ስሙስ ምን ማለት ነው? «ሶሊዱስ» በላቲን «ድፍን፣ ጥኑ፣ ሙሉ» ማለት ነው። እኛም አላልንም እንዴ? አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን እያልን የተከፋፈለውን ስንጠራ ኖረን ሙሉውን «ድፍን ብር» እንለዋለን። ሮማዊውና ኢትዮጵያዊው ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ። ገንዘብ ገንዘብ የሚሆነው ድፍን ሲሆን ነው፤ ውስጡም ላዩም አንድ ሲሆን።

ያ ስም ብዙ ወልዷል። በሶሊዱስ ደመወዝ የሚከፈለው ወታደር በጣሊያን «ሶልዳቶ» ተባለ፤ በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን የወረረው ሶልዳቶ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሳንቲም ነው። «ሶልዲ»ም የዚሁ የልጅ ልጅ ነው። ሳንቲሙ ራሱ ለ700 ዓመታት ያህል ክብደቱንና ንጽሕናውን ጠብቆ ኖረ። በዐሥራ አንደኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን ነገሥታት ወርቁን እያሳነሱ ሌላ ብረት ሲቀላቅሉበት ስሙ «ድፍን» እንደሆነ ቀረ፣ ሆዱ ግን ተቦረቦረ። የሳንቲም ሞት ከስሙ አይጀምርም፤ ከውስጡ ነው።

ታዲያ እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለንም? አለን እንጂ! ያውም ከቋራው ወሬ በሚበልጥ ክብር።

ንጉሥ እንዱቢስ በሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ በአክሱም የወርቅ ሳንቲም አስቀረጸ። በዚያ ዘመን በራሱ ስም ወርቅ የሚቀርጽ መንግሥት በጣት የሚቆጠር ነበር። ጉለሌ ላይ ቆሜ የማላውቀውን አሁን ልንገራችሁ፤ በአክሱም የወርቅ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በሁለት የእህል ዛላዎች ታቅፎ ነው የሚታየው። ሌላው ንጉሥ አንበሳ ወይም ጦር ያደርግ ነበር፤ የኛዎቹ እህል አደረጉ። ንጉሥን የሚያቆመው የገበሬው ዛላ መሆኑን በወርቅ ላይ ጽፈው አስቀመጡት።

ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል የጨረቃውና የክቡ ምልክት ተነሥቶ መስቀል ገባ። የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ክብደትም ከ2.7 ግራም ገደማ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። ይህ የሆነው ቆስጠንጢኖስ ሶሊዱስን ባወጣበት ዘመን ነው። በዓለም ገበያ ውስጥ የነበረ መንግሥት የዓለምን ሚዛን እያየ የራሱን ያስተካክላል። የካራትን ቃል አልፈጠርነውም፤ በካራት ዘመን ግን ከተመዛኞቹ አንዱ ነበርን። ይህ አያንስም!

ሌላም አለ። በስድስተኛው መቶ ዘመን አዱሊስ ድረስ የመጣው ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎችን ወደ ሳሱ ሀገር ወርቅ ፍለጋ እንደሚልክ ጽፏል። መንገዱን የሚያሰናዳው የአገው ገዢ ነው። ነጋዴዎቹ ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም ያስቀምጡና ዞር ይላሉ። የሀገሩ ሰዎች መጥተው የጥራጥሬ ፍሬ የሚያካክል ወርቅ ከጎኑ ያኖራሉ። ባለ ዕቃው በወርቁ ከተስማማ ያነሣል፤ ካልተስማማ ይተወዋል፣ እነሱም ይጨምራሉ ወይም የራሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ቋንቋ የለም፣ ደላላ የለም፣ መሐላ የለም። መተማመን ብቻ ነው የነበረው። ያን ወርቅ «ታንካራስ» ይሉታል ብሎ ኮስማስ ስሙን ሳይቀር መዝግቦልናል። የራሳችን የጥንት የወርቅ ስም ተጽፎ እያለ ከቋራ ካራት ለመፈልቀቅ ለምን ላባችንን እናፈሳለን?

መልሱን ሳስበው ትንሽ ያሳፍረኛል። ድፍን ወርቅ ፍለጋ ይጠይቃል፤ መጽሐፍ መግለጥ፣ ሙዚየም መሄድ፣ «አላውቅም» ማለት ይጠይቃል። ቅብ ወርቅ ግን ወዲያው ያበራል። ሁለት ድምፀታቸው የሚመሳሰል ቃላት ካገኘን ይበቃናል። እንዲህ አድርገን የማንጠቀልለው የለም፤ የፈረንጁን ከተማ፣ የዐረቡን ወንዝ፣ የግሪኩን ጣዖት ሳይቀር በአማርኛ ፈትተን ባለቤት እንሆናለን። «የት ተጽፏል?» ያለ ደግሞ ሀገሩን የማይወድ ይባላል። ጥያቄን ከክህደት ጋር ስናጋባ የምንወልደው መሐይምነትን ነው።

ቅብ ወርቅ ምን እንደሚያደርግ በ2000 ዓ.ም. ዓይተናል። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ ተመለሰ፤ ሲመረመር በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኘ። ሀገር ምድሩ ጉድ አለ። እኔ ያን ጊዜ የገረመኝ አታላዩ አልነበረም፤ አታላይ የሌለበት ሀገር የለም። የገረመኝ ብረቱ ባንክ ገብቶ፣ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ተቆልፎበት ሲቀመጥ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ወሬም እንዲሁ ነው። እርስ በርሳችን ስንሻሻጠው ወርቅ ይመስላል፤ ውጭ ሀገር ሲደርስ ተመርምሮ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ቅቡ የተገኘበት ሰው ቀጥሎ ድፍን ቢያመጣ የሚያምነው አያገኝም። በሐሰተኛ የቃል ፍቺ ስንመጻደቅ የምናዋርደው እውነተኛውን አክሱም ነው።

አክሱሞችም እኮ ወርቅ ይቀቡ ነበር! በብርና በነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር፤ በጥንቱ ዓለም ይህን ጥበብ በሳንቲም ላይ ያዘወተረ ሌላ የለም። ነገር ግን ነሐሱን ነሐስ ብለው ነው የሰጡት። ወርቁ ለክብር ነው እንጂ ለማታለል አልነበረም። በአንዳንዶቹ የነሐስ ሳንቲሞቻቸው ላይ ደግሞ ይህ ለሀገሩ ሰው ደስታ ይሁን የሚል መልእክት ቀርጸዋል። ገንዘቡን ለሕዝቡ ደስታ የተመኘ መንግሥት ሕዝቡን በቅብ አያታልልም።

ወደ ጉለሌ ልመልሳችሁ። በዚያ ቀን ዛፎቹ ላይ የተለጠፉትን ስሞች አንብበን ነበር። ቆርች በሳይንስ ስሙ «ኤሪትሪና ብሩሲ» ይባላል፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅለው ዛፍ የብሩስን ስም ተሸክሟል። አያቶቻችን ለተቅማጥ የሚሰጡት ዋጊኖስም «ብሩሲያ» ነው። ኮሶን ተመልከቱ! ትውልድ ሁሉ ፊቱን እያጨፈገገ የጠጣው ኮሶ «ሐገኒያ» ተብሎ ኢትዮጵያን ባልረገጠ በአንድ ጀርመናዊ ፋርማሲስት ስም ይጠራል። ቡናችን እንኳ «አረቢካ» ነው። ለምን? ስም የሚሰጠው ስላወቀ ሳይሆን ስለ ጻፈ ነው። የወርቅ አጣቢው ቋራ ዘርን ከብሩስ በፊት ያውቀው ነበር፤ አልጻፈም። እኛ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ንቀን ስም አወጣንለት እንጂ ጠይቀን አልጻፍንለትም። ብሩስ ጠየቀ፣ ሣለ፣ ጻፈ። ተሳስቷል፤ ግን የተሳሳተውንም ቢሆን ጽፎት ስለሄደ ዛሬ ልናርመው ቻልን። ደም የሚያውቀውን ማን ያርመዋል?

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልተቆጨሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሀገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር በጤፍ ላይ ውል ተዋዋለች። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አስመዘገበ፤ ኋላም ከሰረ። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ ውድቅ ያደረገው በ2018 ነው። ያን ሁሉ ዓመት እኛ ምን እናደርግ ነበር? የሩቁን ቃል «የኛ ነው» እያልን ስንፈታ የቅርቡ ዘር በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ተቀምጦ ነበር። ሥሙን ስናሳድድ ሥሩ ሊያመልጠን!

ለዚህ ነው እንደ ጉለሌ ያሉ ቦታዎች የሚያስፈልጉን። ሽርሽሩ ደግ ነው፣ የሙሽሮች ፎቶም ያምራል። ዋናው ሥራ ግን ዘሩን ሰብስቦ፣ ስሙን ከነገበሬው፣ ከነደብተራው፣ ከነባልቴቷ ጠይቆ መጻፍ ነው። በየብሔረሰቡ ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን እንደተናገረ። ነገ የልጅ ልጆቻችን «የት ተጽፏል?» ሲሉ ጣታችንን የምንቀስርበት ገጽ እንዲኖረን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዚያ ጨዋታ አዋቂ ጓደኛዬ ያገኘሁትን ሁሉ በስልክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አንተ ደግሞ ደስታችንን ማበላሸት ትወዳለህ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ «ያ ባለ እህሉ ሳንቲም ግን የት ነው የሚታየው?» ሲል ጠየቀኝ። ብሔራዊ ሙዚየም እንሄዳለን ተባብለን ቀጠሮ ያዝን።

ልጅቷስ? አባቷ እየሳቀ ነገረኝ። ገጠር ካለው ከአያቷ አጥር የቆርች ዘር አስመጥታ፣ ዐሥሩን አንድ በአንድ ትምህርት ቤቷ ላቦራቶሪ ባለው ሚዛን መዘነቻቸው አሉ። ማታ አባቷን፣ «እኩል አይደሉም እኮ! ታዲያ እንዴት ወርቅ ይመዘንባቸዋል?» ብላ ያዘችው።

ሳላውቀው ከሳይንቲስቶች ጋር ገጥማለች። የኸሩብ ዘር ሁሉ እኩል ይመዝናል ሲባል ተኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ሲመዝነው ከሌሎች ዛፎች ዘር የተለየ እኩልነት እንደሌለው አሳይቷል። ሰው ግን በዓይኑ እያስተያየ ተቀራራቢዎቹን መርጦ ማውጣት ይችላል። እኩል ያደረጋቸው ዛፉ አልነበረም፤ የመራጩ ዓይን ነው። መራጩ ሊገዛ ሲል ከባዱን፣ ሊሸጥ ሲል ቀላሉን የሚያነሣ ከሆነ ግን ዘሩ ከቋራ መጣ ከግሪክ፣ ወርቁ 24 ሆነ 18፣ ሚዛኑ ሐሰት ነው።

አባቷ ምን እንደሚመልስላት ጠየቀኝ። «መዝነሽ ያገኘሽውን ጻፊው በላት» አልኩት። «ከነቀኑ፣ ከነስምሽ።»